ከመጀመሪያው ዘፈን የጠፉት ወፎች

ዘፋኟ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ወፎቹን ማነው ያጠፋቸው?»

ስቱዲዮው ውስጥ ከእሷ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ የድምፅ ባለሙያውና ድራም የሚመታው ታናሽ ወንድሟ። ወንድሟን ሰው ሁሉ መዶሻ ነው የሚለው።

የሮክ ባንዳቸው አዲስ አልበም ስለ አንድ ወንዝ መሞት ነው። የመጀመሪያው ዘፈን በወፎች ጫጫታ ይከፈታል፤ ከዚያ በየዘፈኑ አንድ አንድ ድምፅ ይቀነሳል። ወፎቹ ይሄዳሉ፣ ፌንጣው ይሄዳል፣ እንቁራሪቱ፣ ውሃው፤ መጨረሻ ላይ ነፋስ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ ወፎቹ ከመጀመሪያውም ከሌሉ ምኑ ሞተ ሊባል ነው? የስንት ጊዜ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ነገ ማታ ደግሞ አልበሙ ለአሳታሚው መድረስ አለበት።

«ማንም አልነካቸውም» አለ መዶሻ። «ያው እንደነበሩ ናቸው።»

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ ትዋሸኛለህ?»

እሱን መጠርጠሯ ያለ ነገር አይደለም። ገና ሲጀምሩ «ይሄ የወፍ ጫጫታ ድራሜን ይሸፍንብኛል» ብሎ ያጉረመረመው እሱ ነው። ቀረጻው ያለበትን ኮምፒውተር የሚከፍት የሚዘጋውም እሱ። ሰሞኑን ደግሞ አመታቱ ራሱ ልፍስፍስ ብሎባታል፤ ያ የድራሙ ሳህኖች ጥርት ያለ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ይህንን ስትነግረው ጥጡን ከጆሮው እየነቀለ ያያታል። ድራም ሲመታ ሁሌ ጆሮውን በጥጥ ይወትፋል፤ እሷም «አንተ አሮጊት!» እያለች ስታሾፍበት ኖራለች።

«እስቲ ወፎቹን ከፍ አድርጋቸው» አለችው ባለሙያውን።

ከፍ አደረገ።

«ጨምር።»

ጨመረ።

«ጨምር እንጂ!»

«ከዚህም በላይ?» አለና መዶሻን አየው። መዶሻ አቀረቀረ።

አሃ! አሁን ገባት። ተመሳጥረውባታል። ሰሞኑን በገባች ቁጥር ሁለቱ ሲያንሾካሹኩ ነው የምታገኛቸው። እንዲያውም አሁን አሁን ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ሲያወራ ቃሉን ያኝከዋል። ደሟ ፈላ።

ባለሙያው ድንገት ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ሮጠ። «ኧረ ማንቆርቆሪያው! ፉጨቱ ጆሯችንን በጠሰው እኮ! ማነው የጣደው?»

የጣደችው እሷ ነበረች፤ በንዴት ረስታዋለች።

«እህት ዓለም» አለ መዶሻ ወንበሩን ወደ እሷ እየሳበ፤ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትቆጪ...»

«ካንተ ምንም አልሰማም! ውጣ! ከባንዱም ከቤቴም ውጣልኝ!»

የእናቷ ልጅ ነው፤ ያለ እሱ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። ዱላዎቹን ሰብስቦ፣ እንባው ዓይኑን እንደሞላው ወጣ። እሷም አልጠራችውም።

በማግስቱ ማለዳ ባለሙያውን እየጎተተች ወንዝ ወረደች። አምና ወፎቹን የቀረጹት እዚያ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር፤ ያን ቀን መደማመጥ አቅቷቸው በምልክት ነው የተግባቡት። ባለሙያው ራቅ ብሎ ቆመና ማይኩን ወደ ቅርንጫፎቹ አቀና። እሷ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

ቅጠሎቹ ይርገበገባሉ። ከውሃው ጉርምርምታ በቀር ግን ምንም የለም። ጭር ብሏል።

በዘፈን ያሟረቱት ሁሉ ደረሰ ማለት ነው።

«አለቁ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ወፎቹ አለቁ እኮ!»

ባለሙያው መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ ጮኸ፦ «ምን አልሽ? እስቲ ጠጋ በይ፤ በወፎቹ ጫጫታ ድምፅሽ አልሰማ አለኝ!»