ያልተቀመሰ ሽሮ

«ጨው አልተቀመሰም። በግምት ማብሰል ክልክል ነው» አለና ምድጃው ሽሮው ሳይበስል ጠፋ።

ግምት በሕግ ከተከለከለ ወዲህ በጾም ቀን ቤታችን ሁሌም እንዲህ ነው። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ምንም ነገር አፏ አይገባም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጾም ወጥ ጨው የጨመረችው በእጇ ገምታ ነው።

እኔም እየጾምኩ፣ ተቃጥዬ ነበር ቤት የገባሁት። በሌሎች ዓለማት ሕይወት የመኖሩን ዕድል ያሰላሁበትን ጥናት አለቆቼ ዛሬ ሰረዙብኝ። ከዋክብቱን ቆጥረናል፣ ፕላኔቶቹንም ለክተናል። ሕይወት በስንቶቹ ላይ ይጀምራል የሚለውን ግን፣ የማውቀው ይህችን አንዲት ምድር ብቻ ሆኖ፣ ከመገመት ሌላ ምን ላድርግ?

«ለመሆኑ እዚያ ላይ ሰው አለ?» አለችኝ እናቴ፣ ምድጃውን በጥፊ እየመታች።

«ይመስለኛል» ልል አፌን ስከፍት ግምት የሚቆጣጠረው የግድግዳው መብራት ቀላ። ቃሉን ዋጥኩት።

«አላውቅም።»

«ይህችን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው?»

ብሽቅ አልኩ። ማንኪያውን ከእጇ ነጥቄ ጾሜን ገደፍኩና ሽሮውን ቀመስኩት። ምድጃው በራ።

ጨዉ ልክ ነበር።