እስከ ድልድዩ

ዳላስ ባሕር የለውም። ቴክሳስ ግን የሌለውን ሠርቶ ይተካል። ወንዙን ገድቦ ሐይቅ አደረገው፣ ዳርቻው ላይ አሸዋ በመኪና አምጥቶ ደፋና «ቢች» ብሎ ሰየመው። ቅዳሜና እሑድ ከፍሪስኮና ከማኪኒ ጀልባውን እየጎተተ የሚመጣው ሰው እውነተኛ ባሕር ያገኘ ያህል ሲዝናና ይውላል።

ከግራንድ ፕሬሪ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ሸዋረገድ ዓሣ ቤት አላት። ዓሣው ከሐይቁ አይደለም፤ ከጅምላ አከፋፋይ በበረዶ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ደንበኛው ሐይቁን እያየ ስለሚበላ ግን «ትኩስ ነው» ይላል። ሸዋረገድ ዋሸች አይባልም፣ የጠየቃት የለም።

ችግሩ መኪና ማቆሚያ ነው። ዓሣ ቤቱ የራሱ ስለሌለው ደንበኛው ሁሉ መንገድ ዳር ያቆማል። በሚያዝያ ከተማው ይህን ሊከለክል ነው የሚል ወሬ መጣ። ክልከላው ከጸደቀ ዓሣ ቤቱ ይዘጋል፣ ሸዋረገድና ባሏ ሀይሌ ዕድሜያቸውን የለፉበትም ውኃ በላው ማለት ነው።

ሸዋረገድ በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ያነጋገራት ሠራተኛ አዘነላት።

«እኛ ከሱቆቹ ጋር ጠብ የለንም» አላት። «ግን አንድ ነዋሪ በየሳምንቱ ይደውልልናል። መኪናው እስከ ድልድዩ ተሰልፏል፣ መላወሻ ጠፋ እያለ።»

«ማን ነው?»

«ስም መናገር አንችልም።»

ሸዋረገድ ስም አላስፈለጋትም። ከዓሣ ቤቱ ፊት ለፊት ባርናባስ የሚባል ሰው ታንኳ ያከራያል። ሰፊ ማቆሚያ አለው፣ ግማሹ ሁልጊዜ ባዶ ነው። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ደግሞ ስልኩን ይዞ መንገዱ ዳር ይገተራል።

«ፎቶ እያነሳ ነው!» አለችው ሀይሌን። «ማስረጃ እየሰበሰበ!»

«ታንኳዎቹን ነዋ ባክሽ። ፌስቡክ ላይ ፖስት ሊያደርግ።»

«ሶ ለምንድነው ፊቱን ወደኛ የሚያዞረው?»

«ፀሐዩ በዚያ በኩል ስለሆነ ይሆናላ።»

ሸዋረገድ ከዚህ በኋላ ባሏን ማማከር ተወች።

ከባርናባስ ጋር አንድ መዘምራን ውስጥ ናቸው። እሱ «አሜን» ሲል እሷ ከንፈሯን ትነክሳለች። ረቡዕ ማታ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ብድግ ብላ «ስሙን ለማልጠራው፣ ታንኳ ለሚያከራይ አንድ ወንድም ልቡ እንዲለሰልስ» አለች። ጉባኤው ከልቡ ጸለየ። ባርናባስም ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ ምናልባት ሌላ ታንኳ አከራይ አለ ብሎ ይሆናል።

በጎን ዘመቻውን አጧጧፈችው። አይስክሬም ሻጩን፣ የመንጠቆ ሱቁን፣ ዋናተኛ የሚያሠለጥኑትን ሁሉ አሰባስባ ቢጫ ቲሸርት አለበሰቻቸው። በየቀኑ ምክር ቤት አባላት ቢሮ ትደውላለች፣ ዓሣ ጥብስ ታስቀምሳለች፣ እንቅልፍ አጣች።

ቤቱ ውስጥ የተረጋጉት እናቷ እማማ አገሬ ብቻ ነበሩ። ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፣ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ብቸኝነት ግን አልነካቸውም። አንድ ጊዜ የቆሻሻ መኪና ሳይመጣ ቀርቶ ሀይሌ ከተማው ጋ ሲደውል አማርኛ የሚናገር ሰው ቀረበላቸውና «እዚህ አገር መንግሥት ስልክ ያነሳል እኮ!» እያሉ ሳምንት ሙሉ ሲደነቁ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ነፍሳቸው ነው። የዓሣ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጠው ለአገር ቤቱም፣ ለቸርቹም፣ ለሚያነሳላቸው ሁሉ ስለ ልጃቸው ያወራሉ።

«ሕዝቡን ብታዪው! መቀመጫ የለ፣ መቆሚያ የለ፣ መላወሻ የለ!»

«እማዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ደንበኛ አለ» ትላለች ሸዋረገድ።

«ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኝ እኮ ነው!»

ምክር ቤቱ ስለ ክልከላው በሚነጋገርበት ስብሰባ ምሽት አዳራሹ በቢጫ ቲሸርት ተሞላ። ባርናባስ በነጭ ሸሚዝ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሸዋረገድ ሁሉን አሰናድታለች፦ መጀመሪያ እናቷ ቆመው የአባላቱን አንጀት ይበሉላታል፣ ቀጥሎ እሷ ተነስታ ባርናባስን በጣቷ እያሳየች ጉዱን ትዘረግፋለች።

ቀድሞ የተጠራው ግን ራሱ ባርናባስ ሆነ።

«እሑድ እሑድ የእኔ ማቆሚያ ባዶ ነው» አለ በእንግሊዝኛ። «የዓሣ ቤቱ ደንበኞች እዚያ ፓርክ ማድረግ ይችላሉ። ለጎረቤቴ ደስ እያለኝ ነው የማደርገው።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

«አየኸው ተንኮለኛውን?» አለች ሸዋረገድ ወደ ሀይሌ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ሊሸፋፍን እኮ ነው!»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይህን ሁሉ ጉዳይ ያስነሳው ደዋይ ዛሬ እዚህ ካለ ራሱ ቢያስረዳን ደስ ይለናል» አለች።

የተነሳ የለም። ሸዋረገድ ዞራ ባርናባስን በዓይኗ ጠበሰችው። እሱ የምታመሰግነው መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለላት።

ተራው የእማማ አገሬ ሆነ። ሀይሌ ደግፎ እስከ ማይክሮፎኑ አደረሳቸው። ልታስተረጉምላቸው አጠገባቸው የቆመችው ምሥራቅ የምትባል ወጣት ነበረች፤ የከተማውን ስልክ በአማርኛ የምታነሳው እሷ ናት፣ በአካል ስትመጣ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ» አሉ እማማ አገሬ።

ምሥራቅ ፊቷ በደስታ በራ።

«ውይ፣ እማማ አገሬ! እርስዎ ነዎት እንዴ!» አለች ማይክሮፎኑን ረስታ። «ዛሬስ መኪናው እስከ ድልድዩ ደረሰልዎት?»