ድምፅ አዋቂው ልጅ እና የአባቱ አሮጌ ስፒከር

"አባዬ፣ ቀንሰው አልኩህ እኮ!"

መልስ የለም...

ከአባቱ ክፍል የዜናው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይገባል።

ልጁ ማዳመጫውን ከአናቱ ላይ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ቀረጻው ዛሬም ተበላሸ!

ይሄ ልጅ በርካሽ የኮምፒውተር ስፒከሮች ግምገማ የታወቀ ነው። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ብዙ ሰው ከመግዛቱ በፊት የእሱን ቪዲዮ ያያል። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ የቱ ጋ እንደሚደፈርስ፣ የትኛው ሲጮህ ጆሮ እንደሚበሳ ወዲያው ይነግራችኋል። ተከታዮቹ "ጆሮ" ብለው ነው የሚጠሩት... እሱም ስሙን ወዶታል።

ወደ አባቱ ክፍል ዘው ብሎ ገባ።

"ሰፈሩን ሁሉ ዜና ልታሰማ ነው?"

አባት ደንገጥ ብለው ዞሩ። "ውይ... አልሰማሁህም ልጄ።"

"ይሄ ነገር እየጮኸ እንዴት ትሰማኛለህ!"

አሮጌውን ስፒከር ነቅሎ ወሰደው። በምትኩ ትንሽዬ አዲስ ስፒከር አስቀመጠላቸው።

"ይሄ ጥርት ያለ ነው። ግን ከግማሽ በላይ እንዳትከፍተው፣ እሺ?"

"እሺ የኔ ልጅ።"

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ።

አባትም ጸጥ አሉ... ከበስተጀርባቸው "እንዴት አደርክ?" ሲላቸው ዝም። ከኩሽና ሲጠራቸው ዝም።

"አኩርፎ ነው፣ ይለቀዋል" አለና እሱም ተዋቸው። ቀስ በቀስ ማናገሩንም አቆመ። ለአንድ ስፒከር ይህን ያህል ኩርፊያ ምን የሚሉት ነው ብሎ!

አንድ ቀን "ያገለገለ ስፒከር ስትገዙ እንዳትሸወዱ" የሚል ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ለማሳያ እጁ ላይ የነበረው ያው የአባቱ አሮጌ ስፒከር ነው።

"የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ቀስ እያላችሁ አዙሩት" አለ ለካሜራው። "የሚንኮሻኮሽበት ቦታ ላይ ነው ባለቤቱ ሲያዘወትር የኖረው።"

አዞረው። እስከ መሃል ምንም አላለም... ከዚያ መንኮሻኮሽ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ባሰበት።

"አያችሁ? ይሄ ዘመኑን ሁሉ እስከ ጥግ ተከፍቶ የኖረ ነው። ባለቤቱ ወይ ከጎረቤት ተጣልቷል፣ ወይ ጆሮው አይሰማም!"

ካሜራ የያዘለት ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። "የማን ነበር ግን?"

"የአባዬ..." አለ ልጁ፣ ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እየተነሳ።

ወደ አባቱ ክፍል ሮጠ።

አባት ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። የሚያዩት የልጃቸውን ቪዲዮ ነው።

"አባዬ።"

አልዞሩም።

"አባዬ!"

አልዞሩም...

ትከሻቸውን ሲነካቸው ዞረው በደስታ ፈገግ አሉ። "መጣህ? ጎበዝ ነህ እኮ፣ ስታስረዳ!"

"ስፒከሩ ተስማማህ?" አለ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብሎ።

"ጥርት ያለ ነው! እንዳልከው ነው።"

ስፒከሩ ግን ጠፍቶ ነበር።

"አባዬ... አልበራም እኮ።"

አባት አቀረቀሩ። "በግማሹ ለእኔ ቢበራም ቢጠፋም ያው ነው ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?!"

"ስለ ድምፅ አገር የሚሰማህ ልጅ... አባቱ ደንቆሮ ነው ይበሉህ?" አሉና እጁን ያዙት። "ደግሞ ሰሞኑን ዝም ስትለኝ፣ ተቀይሞኛል ብዬ ፈራሁ።"

ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የቆጨው መጮሁ ብቻ አይደለም። አባቱ እየጠበቁት ዝም ማለቱ ነው አንጀቱን የቆረጠው።

ወዳጆቼ... የሰው ዕቃ ስንመረምር ጥቃቅኗን ጉድለት እናገኛለን። የራሳችንን ሰው ግን "ተቀየረ፣ ኮራ፣ አኮረፈ" ብለን በአንድ ቃል እንዘጋዋለን። ከመቀየማችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ ፊቱን እያያችሁ ጠይቁት። ምናልባት ያስፈለገው ሐኪም ይሆናል፣ እናንተ ግን ፊት ነስታችሁታል።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... "አኩርፏል" ብላችሁ የተዋችሁት፣ ኋላ ግን ችግሩ ሌላ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው አለ? ምን አላችሁት?