ብቻዋን የምትኖር ሴት

እንደ ፈረንጆቹ በጥር 1994፣ ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ቤት የአንዲት መበለት ብቻ መኖሪያ መሆኑ በይፋ ተገለጸ። ገላጯ ፖርቱጋላዊቷ አከራይ፣ አድማጩ ደግሞ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ነበር። ሦስቱ ተከራዮቿ ምድር ቤቱ ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። ምድር ቤቱን ማከራየት ክልክል ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ዓለምሸት በዚያ ብርድ ብትባረር መግቢያ አልነበራትም።

"ሶ፣ ሶ" ስትል ተሰማ አከራይዋ፤ ስትደነግጥ እንግሊዝኛው ይጠፋባታል።

"ቃል ልትሰጠው ነው እንዴ?" አለ ሀንጋሪው ሽማግሌ በሹክሹክታ። "በእኛ ቋንቋ 'ሶ' ቃል ማለት ነው።"

"ብቻዬን ነኝ ማለቷ ነው" አለ ከስፔኗ ጋሊሲያ የመጣው አናጺ። ቆየት ብሎም፣ "በአያቴ አነጋገር ግን 'ከሥር' ማለትም ይሆናል" ሲል ጨመረ።

"ምናለ ዝም ብትል፣ አንተ ሰው" አለች ዓለምሸት። አከራይዋ ከሥር ናቸው ብላ አሳልፋ ሰጥታቸው ይሆን?

ተቆጣጣሪው ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጭስ ደወል ሊሞክር ቁልፉን ተጫነው። ሦስቱም የእውነት እሳት መሰላቸው፤ አከራይዋ ደጋግማ እንዳስተማረቻቸውም ሳይጋፉ ከምድር ቤቱ ተከታትለው ወጡ። ተቆጣጣሪው የውጭውን በር ከፍቶ ያዘላቸው።

አከራይዋ አየቻቸውና፣ "ኮት ሳትለብሱ ወዴት ነው?" አለች።