የአያ ላቀው ምሰሶ

«ወይራ ይሸተኛል» አሉ አያ ላቀው፣ የትምህርት ቤቱን በር ገና ሳያልፉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንገድ የሚመሯቸው ከዘራቸውና አፍንጫቸው ናቸው።

እጅጋየሁ ክንዳቸውን እንደያዘች ቆም አለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናት፤ ለሕንፃው ምርቃት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ከጎንደር የሚመጡትን እንግዶች ልትቀበል በር ላይ ስትጠብቅ ነው ሽማግሌው የደረሱት። ከአዲሱ የብሎኬት ሕንፃ ጀርባ ሴቶቹ ወጥ የሚሠሩበት ዳስ አለ፤ የኮሶዬ ደጋ ነፋስ ጭሱን ወደ እነሱ እየገፋ ያመጣዋል። እሷም አሸተተችው። ነገሩ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

ትናንት ማገዶውን ዝናብ አበስብሶት፣ የድግሱ ኃላፊ አበቡ «በምን እናብስለው?» ብላ መጥታ ነበር። እጅጋየሁ ስልክ ላይ ነበረች፤ ሪባኑን ማን ይቁረጥ፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ እየተባለ። ስልኩን ከጆሮዋ ሳትለይ ወደ አጥሩ ጥግ በእጇ አመለከተችና «ከአሮጌው ክፍል ፍርስራሽ እንጨት ውሰዱ» አለች። ከፍርስራሹ ጋር የአያ ላቀው ምሰሶ እዚያው ተጋድሞ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህቺ ግን የምትለቅመውንም አላስተረፈች።

«ጋን አጥናችሁበት ይሆናል» አሉ አያ ላቀው ራሳቸው። «በወይራ ካልታጠነ ጋን ምን ጠላ ይወጣል።»

«አዎ አያ፣ ለጋኑ ነው» አለች። ውሸቱ እንዲህ ቀሎ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

ያ ምሰሶ አያ ላቀው ጎጆ ሲወጡ ያቆሙት ነው። ድሮ፣ ወረዳው «ክፍሉን እናንተ ሥሩ፣ አስተማሪውን እኛ እንልካለን» ሲል አገሩ በደቦ ወጣ። ድንጋይ ተጋዘ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦካ፣ ግድግዳው ቆመ። ለጣሪያው ምሰሶ የሚሆን እንጨት ግን ጠፋ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ማን ደፍሮ ይነካል? ክረምቱም ደረሰ። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት አያ ላቀው የገዛ ጎጇቸውን አፍርሰው፣ ጫፉ ባላ የሆነውን ወይራ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ሚስታቸው ያን ክረምት አማቷ ቤት ከረመች። አገሩም «ላቀው ለፊደል ብሎ ሚስቱን ሜዳ ላይ ጣለ» እያለ ሲስቅባቸው ኖረ።

እጅጋየሁም የተመዘገበችው ከዚያው ምሰሶ ሥር ቆማ ነው። ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው እጁን በአናቱ አሻግሮ የማዶ ጆሮውን ሲነካ ነበር። የእሷ ጣት አልደረሰም። የኮሚቴ አባል የነበሩት አያ ላቀው ግን ክርኗን ከኋላ ገፋ አደረጉና «ደርሳለች፣ ጻፏት» አሉ። ኮሌጁም ዳይሬክተርነቱም ከዚያ ወዲያ የመጣ ነው። አሮጌው ክፍል ሊፈርስ ሲል እሳቸው የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ምሰሶው በአዲሱ ግቢ ይተከል፣ ደወሉ ከባላው ላይ ይንጠልጠል። «በማርያም» ብላ ማለችላቸው።

«በይ አሁን ወደ ምሰሶዬ ውሰጅኝ» አሉ። «እንግዳው ሳይመጣ ልዳብሰው።»

ደወሉ አሮጌ የማኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው ለጊዜው ብሎ ባሕር ዛፍ ተክሎ ሰቅሎታል። እጅጋየሁ ወደዚያው መራቻቸው። አያዩም፤ እንጨት ያው እንጨት ነው፤ ዛሬን ልለፍ እንጂ ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች ራሷን ታባብላለች። አያ ላቀው ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው በሁለት እጃቸው ዳበሱት። ባሕር ዛፉ ገና መላጡ ነበርና መዳፋቸው ራሰ። ተንጠራርተው ባላውን ፈለጉ።

«ይኼማ ልጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የኔውስ ወዴት አለ?»

ኃፍረቱ ከእግሯ እስከ አናቷ አቃጠላት። ያኔ ክርኗን የገፋው እጅ አሁን እርጥብ እንደሆነ ፊቷ ተዘርግቷል። ያዘችውና ወደ ዳሱ ወሰደቻቸው።

«ዳይሬክተራችን መጣች!» አለች አበቡ፣ ጎላ ድስቱን እያማሰለች። «ምነው እንዲህ ያለው እንጨት በየድግሱ በተገኘ! ፍሙ ሸጋ፣ ሽታው ሸጋ።»

«አያ» አለች እጅጋየሁ። «ለጋኑ አይደለም፤ ዋሽቼዎት ነው። የሚነደው ምሰሶዎ ነው። አንድዱት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

አያ ላቀው ወደ ሙቀቱ ጠጋ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሁሉም ነደደ?» አሉ።

እጅጋየሁ ጎንበስ ብላ አየች። ግንዱ ፍም ሆኗል፤ ባላው ግን ከጉልቻው ወደ ውጭ ተርፎ አንገቱ ድረስ ብቻ ነው እሳቱ የበላው። ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከችና ባላውን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች።

«ኧረ ወጡ! ኧረ ሊደፋ ነው!» ጮኸች አበቡ። ጎላው ተንገዳገደ፣ መረቁ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፣ ዳሱ በአመድና በእንፋሎት ተሞላ።

በር ላይ የማኪና ጥሩምባ ተነፋ። እንግዶቹ ደርሰዋል፤ ዘበኛው ስሟን እየጠራ ይፈልጋታል። እሷ ግን አልተነሣችም። በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ጥላሸት እየተንጠባጠበ፣ በተረፈው ባላ ላይ ውኃ ታፈሳለች። የአያ ላቀው እጅ መሬት ለመሬት እየዳበሰ ሲመጣ አየችና በእጇ ከለከለችው።

«ይፋጃል አያ። ይቆዩ፣ ይብረድ።»

አያ ላቀው ከዘራቸውን አጋድመው ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡና፣ እስኪበርድ ይጠብቁ ጀመር።