የጥንቸሏ እሹሩሩ

መብራት ሲጠፋ የፈትለወርቅ የልብስ ስፌት መኪናም፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የምትዘፍነው ጥንቸልም እኩል ዝም አሉ። የአራት ዓመቷ ናርዶስ ለቅሶዋን አቀለጠችው።

«እማ፣ ጥንቸሏን አምጫት!»

ጥንቸሏ የምትዘፍነው በፈትለወርቅ ድምፅ ነው። ዛሬ የልጆች ፊልም ሁሉ እንዲያ ነው፤ ሕፃን ጤና ጣቢያ ሲከተብ እናቲቱ አንዴ ትዘፍናለች፣ ድምፅዋ ይቀዳል፣ ከዚያ ወዲያ ማባበሉ የጥንቸሏ ሥራ ይሆናል። ፈትለወርቅ ያን ቀን ራሷ የፈጠረችውን እሹሩሩ ነበር የዘፈነችው። እጇ ለሥራ ስለተፈታላት እፎይ ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለልጇ አንድም ቀን ዘፍናላት አታውቅም።

አሁን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና ያንኑ እሹሩሩ ጀመረች። ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋባት፤ በሌላ ቃል ሸፍና ልታልፍ ሞከረች።

ናርዶስ ማልቀሷን ትታ ትኩር ብላ አየቻት።

«እንደሱ አይደለም እኮ።»

«እንዴት ነው ታዲያ፣ የኔ እናት?»

ልጅቷ ዘፈነችላት። አንድም ቃል አልሳተች። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ሕፃኗ አፍንጫዋን ስትይዝባት ፈትለወርቅ ዘፈኑ መሀል ሳቅ አምልጧት ነበር፤ ናርዶስ እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ ልክ እንደዚያው ሳቀች።

ፈትለወርቅ ዕንባዋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ልጅቷ ግን አይታት ኖሮ በትንሽ መዳፏ ጉንጯን ጠረገችላት።

«አይዞሽ እማ፣» አለቻት። «ጥንቸሏ ስትመጣ ታስተምርሻለች።»