የሐሙሱ ደንበኛ

ፀጉር አስተካካዩ ካለፈው አርብ ወዲህ መቀመጫ አጥቷል። ማበጠሪያ ይጥላል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይደነግጣል። በየቀኑ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የስልኩ ማንቂያ ሲጮህ እንደ ወትሮው ወደ ጓዳ ገብቶ ውሃ መጠጣቱን እንኳ ትቶታል፤ ያጠፋውና ሥራውን ይቀጥላል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ባልደረባው፣ ደንበኞች ቦርጮ የሚሉት።

«የሐሙሱ ደንበኛዬ አለ አይደል? ያ ዝምተኛው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አየሁት። በዓይኔ በብረቱ።»

ቦርጮ ፎጣ ማጠፉን አላቆመም። «ታዲያስ? በወንበር አይተላለፍም። ምላጩን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው የምናወጣው።»

«አንተ ታውቃለህ። ሰፈሩ ያውቃል? ወሬው ከወጣ እዚህ ዝንብም አይገባም።»

ወሬው ወጣ። ያወጣው ግን ራሱ አስተካካዩ ነው። የአንዱን ጢም ሲላጭ፣ የሌላውን አንገት ሲጠርግ፣ «ለማንም እንዳትናገር» እያለ ነገረ። እንዲህ ተብሎ የተነገረ ነገር ደግሞ እግር አያጣም። በሦስት ቀን ውስጥ ዝምተኛው ሰው ሳያውቀው በየቤቱ ከሳ፣ በየቤቱ ሳል ያዘው።

«እጁ ሁልጊዜ አልኮል አልኮል የሚሸተው ለምን ይመስላችኋል?» ይላል አስተካካዩ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስለ ሰው ምንም ቢያወራ አትመኑት። እንዲህ ያለ ሰው ሌላውንም ማነካካት ይወዳል።»

ሐሙስ ሰውየው መጣ፤ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ሰላም ቢል ተራ ከሚጠብቁት ሦስት ሰዎች አንድም የመለሰለት የለም።

ቦርጮ አንጀቱ አልቻለም። «እዚህ ይቀመጡ ጋሼ፣ የእኔ ወንበር ባዶ ነው» አለው።

«እግዜር ይስጥልኝ። የእሱ እጅ ይሻለኛል» አለና የአስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንገቱን አቀና፣ ዓይኑን ጨፈነ።

የአስተካካዩ ግንባር በላብ ርሷል። ስልኩ ጮኸ። አጠፋው።

«ለእርስዎ ወንበር የለኝም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሌላ ቤት ይፈልጉ።»

ቦርጮ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ሰውየው አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አውጥቶ የአስተካካዩ ጋዋን ኪስ ውስጥ ከተተ።

ከዚያም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «አርብ ዕለት መድኃኒት የማድለው እኔ መሆኔን አይተህ ሳትወስድ ተመለስክ፤ ይዤልህ መጥቻለሁ፣ ከእንግዲህ ስልኩ ሲጮህ አታጥፋው» አለው።